የሁዳዴው ሥጋ ቤታችን

ሰው ልጅነቱን በአደይ አበባ ሽታ ያስታውሳል ይባላል። እኔን ሆዴን የሚያባባኝ የተቀቀለ ጭድ ነው። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ሄጄ ከባጃጅ ስወርድ፣ ከአንድ ግቢ ውስጥ እንጉዳይ የሚያበቅሉ ሴቶች በርሜል ጥደው የገብስ ጭድ ይቀቅሉ ነበር። ሽታው ከዝናብ በኋላ የተከፈተ ጎተራን ይመስላል፤ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ትንሽ ይከረፋል። እዚያው አቧራው ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሾፌሩ "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት እንጂ ምን ብዬ ላስረዳው? በአሥር ዓመቴ፣ በሁዳዴ ጾም፣ አክስቴ ጓሯችን ውስጥ ሥጋ ቤት ከፍታለች ብዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ ልበለው?

እናቴ ያን ጊዜ አረርቲ ታስተምር ስለነበር እኔ አራተኛ ክፍልን የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ ከአያቴና ከአክስቴ ጋር ሆኜ ነው። አያቴን አባባ ነበር የምንላቸው። አንኮበር ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቤታችን ውስጥ ከወንበር ይልቅ ብርድ ልብስ ይበዛ ነበር። አክስቴ ታደለች የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ናት። ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ሥራ የማትንቅ፤ እኔ እትዬ እላታለሁ። ስለ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ይበቃል፦ አፌ ወሬ አይቋጥርም ነበር። እትዬ "ለብርቄ ከመንገር ለሬዲዮ መንገር ይሻላል፤ ሬዲዮ እንኳ ይዘጋል" ትል ነበር።

ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አባባን ሳንባ ምች ጣላቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ሲገቡ ኮታቸው ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስል ነበር። ሰፈራችን ያለችው ነርስ፣ ሲስተር የምንላት፣ ክንዳቸውን በጣቶቿ ከባ ለካችና ራሷን ነቀነቀች።

"አባባ፣ ገንቢ ምግብ ያስፈልግዎታል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ።"

አባባ በትሕትና አዳመጧትና "እሺ ልጄ፣ ለፋሲካ" አሉ። ፋሲካ ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር።

የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁንም መጡ። ከአባባ ጋር እኩዮች ናቸው፤ ቢሆንም አባባ አባቴ ይሏቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ አባባን አንተ ይሏቸዋል።

"ወልዴ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም። እኔ ፈትቼሃለሁ፣ ብላ" አሉ መምሬ።

"እርስዎ ቢፈቱኝም እኔ ራሴን አልፈታም፣ አባቴ። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሁዳዴን ሽሬ አላውቅም። ጸሎቴ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል፣ ጠባዬም ተበላሽቶ ያውቃል። ሳላጎድል የያዝኳት ይቺን ብቻ ነው።"

"እንግዲያው በጠዋት ብላ።"

"እስከ ስድስት ሰዓት። ከዚያ በታች አልወርድም።"

በስድስት ሰዓት የሚበሉትስ ቢሆን ምን ነበረ? ሽሮው ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ጠቅለል አድርገው ይጎርሱና "ጠገብኩ" ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። እትዬ ሳህኑን ስታነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። እኔም ፈራሁ። ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ የሚል ሥዕል ተለጥፎ ነበርና፣ ገንቢዎቹ የሉም ማለት አባባ ደረት ውስጥ ግንበኞቹ ሥራ አቁመዋል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ሲያስሉ አሸዋ የሚናድ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ከጥምቀት በኋላ አንድ ሥልጠና ሄዳ ነበር። ምን እንደተማረች አልነገረችኝም፤ ለምን እንደማትነግረኝ ይታወቃል። ብቻ ስትመለስ ጓሮ ያለችውን የማገዶ ክፍል ባዶ አደረገች። ግድግዳዋን በኖራ ቀባች። ከዚያ የአባባን ብርድ ልብሶች ወስዳ በግድግዳውና በመስኮቱ ላይ ሰቀለቻቸው። ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ጭድ በመጋዝ ምላጭ መቆራረጥ ነበር። ጭዱን እሷ በበርሜል ትቀቅለዋለች፣ አቀዝቅዛ ወደ ክፍሉ ታስገባዋለች።

"እትዬ፣ ለማን ነው?"

"ሲደርሱ ታያለሽ። አሁን በሩን እንዳትከፍቺ፣ ብርድ ይመታቸዋል።"

ብርድ የሚመታው፣ ጭድ የሚበላ፣ ሲደርስ የሚታይ ነገር ምንድን ነው? በግ ነዋ! እትዬ ለፋሲካ ሙክት እያደለበች ነው አልኩ ለራሴ። የደብረ ብርሃን ብርድ በግ እንደማይገድል ማንም ያውቃል፤ እኔ ግን እነዚህ ቅምጥሎች ናቸው፣ ጭዳቸው እንኳ ይቀቀልላቸዋል ብዬ አመንኩ። የማይጮሁ መሆናቸውም አልገረመኝም። ከምግቡ ምቾት ነው የመሰለኝ።

በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት፣ ምኩራብ በሚባለው፣ በጊዜ ተለቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አፏን በሻሽ ሸፍና፣ እጇን በአልኮል አሽታ፣ ቢላዋ ይዛ ወደዚያ ክፍል ስትገባ አየኋት። ለራሷ "ደርሰዋል፣ ተመስገን" ስትል ሰማኋት። በሩ ሥር ተንበርክኬ በስንጥቁ አጮለቅሁ። ውስጡ ደብዛዛ ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ በገመድ የተንጠለጠሉ ረዣዥም ነጫጭ ነገሮች አሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ስድስት። ከታች ወለሉ ላይ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል። እትዬ አንዱን አቅፋ ከላዩ በቢላዋ ቆርጣ ወሰደች።

ሮጬ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ሥጋ ቤት አይቼ አውቃለሁ፤ በግ ተገፎ ሲሰቀል ነጭ እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰው ሁሉ በሚጾምበት፣ ልኳንዳ ቤቶች ሁሉ በተዘጉበት ወቅት፣ የእኔ አክስት የአባባን ብርድ ልብስ ጋርዳ ስድስት በግ አርዳለች!

ማድ ቤት ስገባ ነገሩ ጭራሽ ባሰ። ትሪ ላይ ነጣ ያለ፣ ለስለስ ያለ ነገር ተከምሯል። እትዬ በእጇ ስትተረትረው እንደ ሥጋ በጭረቱ በጭረቱ ይላቀቃል። ከዚያ አድቅቃ ከተፈችው። ዘይት ላይ ከሽንኩርትና ከጥብስ ቅጠል ጋር ስትጥለው ቤቱን የሞላው ሽታ የፋሲካ ሽታ ነበር። ጥብሱን ግን በሳህን አላወጣችውም፤ የሚንተከተከው የአባባ ሽሮ ውስጥ ገለበጠችው። ሽሮ በሥጋ ቦዘና እንደሚባል የማያውቅ ልጅ የለም። አየችኝና ደነገጠች።

"የጎመን ግንድ ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት።

በስድስት ሰዓት አባባ እንደ ልማዳቸው ሁለት ጎረሱ። እጃቸውን ሊሰበስቡ ሲሉ ቆም አሉ። ሦስተኛ ጠቀለሉ። አራተኛ። "ታደለች፣ ይቺ ሽሮ ምን ገባባት?" አሉ። እትዬ ጎመኑን ደገመችላቸው። "እንዲህ ያለ ጎመን የት ነበር እስከዛሬ?" ብለው ሳህኑን በእንጀራ ጠረጉት። እትዬ ያን ዕለት ሳህኑን ስታነሳ ፊቷን አላዞረችም፤ ጥርሷ ሁሉ ይታይ ነበር።

እኔን ነው የጨነቀኝ። ብናገር አባባ መብላት ያቆማሉ፣ ካቆሙ ደግሞ ይሞታሉ። ባልናገር ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ የያዟት አንዲት ነገር ሳያውቁት በየቀኑ እየተሰበረች ነው። ለማን ይነገራል? ለጓደኛ ቢነገር ሰፈሩ ይሰማል። ለመምሬ ቢነገር እትዬ ትወገዛለች። ያ አፌ፣ የጎረቤት ድመት ስትወልድ እንኳ ወሬ አሳድሮ የማያውቀው አፌ፣ ተለጎመ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አድርጌ "ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ እሳቸው ይብሉ" እል ነበር። እንደዚያ ያለ ጸሎት ከዚያ በኋላ ጸልዬ አላውቅም።

ለራሴ ግን ከዚያ ሽሮ አልቀመስኩም። ሆዴን አመመኝ፣ ከትምህርት ቤት በልቻለሁ፣ ተልባ ነው ያማረኝ እያልኩ በአዋዜና በገብስ ቆሎ ከረምኩ። እትዬ ስትቆጣ አባባ "ተያት፣ ጾም ገብቷት ነው። የአያቷ ልጅ ናት" ይሉ ነበር።

አባባ ግን አማረባቸው። በመጻጉዕ እሑድ፣ የዚያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው በሽተኛ ታሪክ በሚነበብበት ቀን፣ ያለ ማንም ድጋፍ እስከ ግቢው በር ሄደው ተመለሱ። በደብረ ዘይት እሑድ ጫማቸውን ራሳቸው አሰሩ። ሲስተር መጥታ ክንዳቸውን ስትይዝ ጣቶቿ እንደ በፊቱ አልገጠሙላትም። ያዳናቸው ያ ብቻ ነው አልልም፤ አምሮታቸው ተመልሶ ሽሮውንም እንጀራውንም በደንብ መብላት ጀምረው ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ሥጋው ሲገነባ በዓይኔ የማይ ይመስለኝ ነበር። ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ አለቅሳለሁ።

በገብር ኄር እሑድ አባባ በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። ቅዳሴ ሲያልቅ የሰፈሩ ሰው አጥሩ ሥር ከበባቸው። አባባ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

"እንቁላል አልበላሁም፣ ወተት አልጠጣሁም። በደረቅ ሽሮ ነው እግዜር ያነሳኝ! ለሚቀጥለው እሑድ ዓውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ እመሰክራለሁ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። መምሬ ጥላሁን አባባን በመስቀላቸው ባረኳቸው። እኔ ግን እልል አላልኩም። ሳያውቁ መብላት አንድ ነገር ነው፤ አባባ ሕዝብ ፊት፣ ታቦት ፊት፣ ያልሆነውን ሊመሰክሩ ነው።

ቤት ደረስን። ምሳ ቀረበ። አባባ እጃቸውን ታጥበው፣ ጸልየው፣ የመጀመሪያዋን ጠቀለሉ። ወደ አፋቸው ሲያነሷት ጮህኩ።

"አባባ አይብሉ! ሥጋ ነው!"

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሷት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በእንጀራ ጠርገው እትዬን ተመለከቷት።

"ታደለች፣ እውነት ነው?"

"የምን ሥጋ?" አለች እትዬ፣ ግራ ገብቷት።

"ጓሮ የተሰቀሉት በጎች!" አልኩ። "ስድስት ናቸው። ጭድ ያበላሻቸው። አይቻለሁ!"

እትዬ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል የአባቷን ፊት አየች፤ ሳቋ አፏ ውስጥ ቀረ። አባባ አመድ መስለው ነበር። ያ ሁሉ የሦስት ሳምንት ጤና በአንዴ የት እንደገባ አላውቅም። እትዬ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። "ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩ" አለች።

በሩን በሰፊው ከፈተችው፤ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ገፈፈችው። በጎቹ በጭድ የተሞሉ ረዣዥም ላስቲኮች ነበሩ። በላያቸው ላይ ነጭ ነገር እንደ ጥጥ ወርሷቸዋል። በየቀዳዳቸው፣ በዘለላ በዘለላ ሆነው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ የለሰለሱ፣ አመድማና ነጭ ነገሮች ብቅ ብለዋል። ጠብ ጠብ የሚለው እትዬ የምትረጨው ውኃ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንደዚያ የሚያምር ነገር ማገዶ ክፍላችን ውስጥ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አባባ ግን አንዷን ጆሮ በጣታቸው ነካ አድርገው እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ።

"የጅብ ጥላ!"

"እንጉዳይ ነው፣ አባባ። የሚበላ ዘር ነው፣ ተምሬ ነው ያበቀልኩት። ሲያስተምሩን ገንቢ ነው፣ የጾም ሥጋ ነው አሉን።"

አባባ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። "እኛ አንኮበር ክረምት ሲወጣ ይኼን በዱላ ነበር የምንመታው። የአጎቴ ልጅ በልቶት ስንት ቀን ነፍሱን ስቶ ተኝቷል። ጅብ እንኳ ተጠለለበት እንጂ አልበላውም!" ከዚያ ወደ እትዬ ዞረው፣ "ከሥጋውና ከዚህስ የቱ ይብሳል?" አሉ።

እትዬ ማልቀስ ጀመረች። "የዱሩማ መርዝ አለው፣ እኔም አልነካውም። ይኼኛውን ግን እርስዎ ፊት ከማቅረቤ በፊት ሥልጠናው ቦታ ለራሴ ሳምንት ሙሉ በልቼ ነው የሞከርኩት። ብነግርዎት ኖሮ ይበሉ ነበር?"

"አልበላም ነበር።"

"ባይበሉስ ኖሮ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ይደርሱ ነበር?"

አባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው "ብርቄ፣ መምሬን ጥሪልኝ" አሉ።

መምሬ ጥላሁንን ከምሳቸው ላይ አስነስቼ እየጎተትኩ አመጣኋቸው። ነገሩን ሰምተው ክፍሉን ዞረው አዩ። አንዷን ዘለላ ቆርጠው አሸተቱ። እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ደም አላት?"

"የላትም" አለች እትዬ።

"ትታለባለች? ትፈለፍላለች?"

"ኧረ አባቴ! ከጭድ ነው የምትበቅለው።"

"እንግዲያው ከአተርና ከባቄላ በምን ትለያለች? ወልዴ፣ ጾምህ እንደታሰረ ነው። ምስክርነትህንም ስጥ፤ እንጉዳይዋን ግን እንዳትዘላት።" ወደ እትዬ ዞሩ። "አንቺ ግን በሁዳዴ የጎመን ግንድ እያልሽ አባትሽን ዋሽተሻል። መቶ ስግደት። አሁን ያን ሽሮ አምጪው፣ ፍርድ ያለ ምርመራ አይሆንም።"

መርምረውት ሲያበቁ ድስቱ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። "ስግደቱን ወደ ሃምሳ አውርጄዋለሁ" አሉና ባርከውን ሄዱ።

አባባ ፍርዱን ቢቀበሉም እጃቸው ወደ ሳህኑ አልሄደም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። የእጄን አንጓ ይዘው በሁለት ጣታቸው ለኩት፣ ልክ ሲስተር እሳቸውን እንደለካቻቸው።

"ሥጋ ነው ብለሽ አንቺም አልበላሽም?"

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መብላት ያቆማሉ ብዬ። ይሞቱብኛል ብዬ።"

"ዛሬስ ለምን ነገርሽኝ?"

"ሊመሰክሩ ነው ብዬ። እርስዎ ዋሽተው አያውቁም።"

አባባ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አነሱ፤ ቆይተው መለሱት። አያቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ደግሞም ደስ ብሏቸው ነበር። በአሥር ዓመቴ ሁለቱ አብረው እንደሚሆኑ ከራሴ ስለማውቅ አልገረመኝም።

"ታደለች፣ ቅረቢ" አሉ። "እስካሁን የበላሁት ያንቺ ሥራ ነው። ይቺን ግን እኔው ነኝ የምበላት።" እንጉዳይ ከበዛበት በኩል ጠቀለሉ። በግልጽ፣ እያየን፣ እያወቁ፣ ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቀስ ብለው አላመጡ። እኔና እትዬ እናያቸዋለን። ዋጡ።

ከዚያ ሌላ ጠቀለሉና ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትኩ። ጨው ጨው የሚል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል፣ ጥርስ ሥር የሚያረካ ነገር ነበር። ረሃቤ ሁሉ በአንዴ መጣ። እንባዬና ንፍጤ ከሽሮው ጋር አብሮ ወረደ።

"አንድ ያጣላል" አሉ አባባ፣ እና ሁለተኛዋን ከመጀመሪያዋ አብልጠው ጠቀለሉ።